ሬዲዮ አራሚው ሚስተር ሃስኬት

ሬዲዮ የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሬዲዮን የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። የስፖርት ጋዜጠኛው ሜዳው ዳር ተቀምጦ በሁለት ዓይኑ ያየውን ይናገራል። ይኼኛው ሰው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ በረንዳው ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ፣ "ውሸታም!" ይላል። ለቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከአንጀቱ ነው።

ለእኛ ለካልውድ ከተማ ሰዎች የተሰጡን አራሚ ክቡር ሚስተር ኤልዊን ሃስኬት ናቸው፤ የበረንዳ ሊቀ መንበር፣ የአዮዋ ግዛት የቤዝቦል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ይግባኝ የማይባልባቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኬን ስከራከራቸው ኖሬያለሁ፣ ዕድሜ ልኬንም ተረትቻለሁ። "ጋዜጠኛው እኮ እዚያው ነው ያለው፣ ሚስተር ሃስኬት" ስላቸው፣ "እዚያ መሆንና ማየት አንድ ነው ያለህ ማነው? እኔ አይቼዋለሁ!" ይሉኛል። የሚያዩት ሬዲዮ ነው።

በልጅነቴ በጋ ማለት የአንድ ሰው ድምፅ ነበር። ሌስተር ዶን የሚባል ጋዜጠኛ ነበረን፤ ጉሮሮው ውስጥ ጠጠር ያለበት የሚመስል፣ ቸኩሎ የማያውቅ። የእኛን ቡድን፣ የጀልበኞቹን ጨዋታ ሲያስተላልፍ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሬዲዮው ሁሉ ክፍት ነው። እናቴ ዳቦ ግዛ ብላ ስትልከኝ አንዲት ኳስ ሳታመልጠኝ መጋገሪያ ቤቱ እደርስ ነበር። ኳስ መቺው በሃስኬት በረንዳ ሳልፍ ዱላውን ያነሳል፣ በፀጉር አስተካካዩ በር ሳልፍ ይመታል፣ መጋገሪያው መስኮት ጋ ስደርስ ይሮጣል። የበቆሎ ቅቅል ሽታ፣ በረዶ የተጨመረበት ሻይ፣ የወንዙ ትንኝ፣ ከሁሉም በላይ ያ ድምፅ። ዛሬም ሙቀቱ ሲገባ ጆሮዬ ይጠብቀዋል፤ ሳይመጣ ሲቀር ሆድ ይብሰኛል።

ሚስተር ሃስኬት ግን ጨዋታ አይሰሙም፤ ያስተዳድራሉ። ወንበራቸው ያለበት የመቺው ቦታ ነው። ከደረጃው ሥር ያለው ሣር ሜዳው ነው። የፖስታ ሳጥኑ ሯጩ የሚያርፍበት ሁለተኛው ማዕዘን ነው። በጨዋታ ሰዓት ሣሩን የረገጠ ወዮለት። አንድ ቀን ፓስተራችን ሰላም ሊሏቸው ሣሩን አቋርጠው ሲመጡ፣ "ፓስተር፣ ጎንበስ ይበሉ!" ብለው ጮኹባቸው። ፓስተሩ ጎንበስ አሉ። በኋላ ስንስቅባቸው፣ የሆነ ነገር በጆሯቸው አጠገብ ሽው ብሎ ማለፉን በመሐላ ተናገሩ፤ እሳቸው ደግሞ ለመሐላ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም።

ባንጆ የሚባል ውሻም ነበራቸው። ሬዲዮው ውስጥ ኳስ በተመታች ቁጥር አንገቱን ቀስ አድርጎ ከአንዱ ሰማይ ወደ ሌላው ያዞራል። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። እኛ ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠላጥለን እንስቅበታለን። አንዳንዴ ግን ውሻውም ሰውየውም በአንድ ጊዜ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ሲያፈጡ ሳቁ ከአፋችን ይጠፋል። ያኔ ማንም ሳያዘን ወደየቤታችን እንገባለን።

ይህ ማየት ከየት መጣባቸው ቢባል ከሥራቸው ነው። በወጣትነታቸው የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጣሪ ነበሩ። ጀልበኞቹ ሌላ ከተማ ሲጫወቱ ጣቢያው ጋዜጠኛ የመላክ አቅም አልነበረውም። የሚመጣው በቴሌግራፍ ሽቦ ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ "መታ፤ ተያዘበት" የሚል። ሌስተር ዶን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከዚያች ቃል ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ የመቺውን ላብ ይፈጥራል። ወጣቱ ኤልዊን ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ የእንጨት ቁራጭ በዱላ ቷ! ያደርጋል። የተመልካች ጩኸት የተቀዳበት ሸክላ አለ፤ መርፌውን ያሳርፍበታል። ከተማው በሙሉ ሜዳው ዳር የተቀመጠ ይመስለዋል።

ጭንቁ ሽቦው የተቋረጠ ጊዜ ነው። ዝም ማለት አይቻል። ለዚህም መላ ነበራቸው። ሁለት ጊዜ የሳተ መቺ ሦስተኛ ከሳተ ይወጣል፤ ኳሷን ነካ አድርጎ ከመስመር ውጭ ካወጣት ግን አይቆጠርበትም፣ እንደገና ይወረወርለታል። እስከ ምጽአት ድረስ ቢሆን ሕጉ አይከለክልም። እናም ሽቦው እስኪጠገን መቺው ከመስመር ውጭ ይመታል፣ ደግሞ ከመስመር ውጭ ይመታል። አንዴ ማዕበል ሽቦውን ሲበጥሰው ሮስኮ ቴግ የሚባለውን መቺ፣ ሰው እራቱን በልቶ ሳህኑን አጥቦ እስኪመለስ ድረስ አቁመውት ነበር። ከተማው አበደ። ቡድኑ ሲመለስ ባቡር ጣቢያ ድረስ በሙዚቃ ወጥተው ተቀበሉትና "ለትዕግሥትህ" ብለው ባርኔጣ ሸለሙት። ሮስኮ በእውነቱ የመጀመሪያዋን ኳስ መትቶ፣ ተይዛበት፣ ሄዶ የተቀመጠ ሰው ነው። ባርኔጣውን አገላብጦ አየና፣ "አመሰግናለሁ፤ ምን እንዳደረግሁ የሚነግረኝ ካለ ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ" አለ።

ሚስተር ሃስኬት ይህን ሲያወሩ ፈገግ እንኳ አይሉም። "ሮስኮ ያን ቀን ቆሞ መትቷል" ይላሉ። "እኔ ነኝ ያስመታሁት። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሱ ስላላስታወሰው አልሆነም ልትለኝ ነው?" ዓይናቸውን እሸሻለሁ።

ባለቤታቸው ሚስስ ቬርና ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። በዚህ ዓለም የሚጠሉት አንድ ነገር ቢኖር ጨዋታ ሳያልቅ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው። ቡድናችን የቱንም ያህል ቢዋረድ የመጨረሻው መቺ እስኪወጣ ንቅንቅ አይሉም። የገዛ እህታቸው ሠርግ ላይ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የመጨረሻዋን ዙር ሲሰሙ፣ ሙሽራዋ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። "ጨዋታ ጥላ የምትሄድ ሴት ባልም ጥላ ትሄዳለች" ብለዋት ገቡ። 

ከዚያ ሁሉ ነገር ሄደ። ቴሌቪዥን መጣ፣ መስኮቶች ተዘጉ። ሌስተር ዶን ሞተ፤ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ጀልበኞቹ ፈረሱ፣ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ሚስስ ቬርናም ታመሙ፤ መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ ሐሳባቸው እየደከመ አልጋቸው ወደ ሳሎን ወረደ። የሃስኬት በረንዳ ዝም አለ።

ባለፈው የካቲት፣ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ደጄን ስጠርግ የጎረቤቴ የሁልዳ ፊት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። እንደ ወረቀት ነጥቷል።

"ኔድ፣ ይሰማሃል?"

"ምኑ?"

"ዝም በልና ስማ። በየካቲት በረዶ ማነው ቤዝቦል የሚጫወተው?"

አካፋዬን አቆምኩ። ከሃስኬት ቤት፣ በተዘጋው መስኮት በኩል፣ ቷ! የሚል ድምፅ መጣ። ተመልካች ጮኸ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ጉሮሮው ውስጥ ጠጠር ያለበት፣ የማይቸኩል፦ "ከመስመር ውጭ... ሮስኮ አሁንም እንደቆመ ነው፣ ወዳጆቼ።"

ክው አልኩ። የተሸከምኩት ሬሳ ሳጥን ባዶ እንዳልነበር ትከሻዬ ያውቃል።

"እኔ አልሄድም" አለች ሁልዳ። "ትናንትም ሲመታ ነው የዋለው።"

መንገዱን ተሻግሬ በሃስኬት ቤት የጓሮ በር ገባሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሚስተር ሃስኬት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው፣ አሮጌ ማይክሮፎን አፋቸው ሥር ይዘው፣ ከመብራቱ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት በዱላ ይመታሉ። ሽቦው በበሩ ሥር አልፎ ወደ ሳሎን፣ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል። ሸክላው ይዞራል። ጢማቸው አልተላጨም። እኔን ሲያዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ መቱ፣ በሟቹ ድምፅ "ከመስመር ውጭ" አሉና ማይክሮፎኑን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ሐኪሙ በቃ ብሏል" አሉኝ በሹክሹክታ። የራሳቸው ድምፅ አልቆ ትንፋሽ ብቻ ሆኗል። "ትናንት ጠዋት ነቃችና ጨዋታ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። ታዲያ ልሰማው፣ ሲያልቅ እሄዳለሁ አለችኝ። ሲያልቅ እሄዳለሁ! ቬርና ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች፣ ታውቃታለህ።"

"አውቃቸዋለሁ።"

"ለሳምንት የሚበቃ ጨዋታ ልሠራላት ነበር። አፌ አያርፍ፣ ላጓጓት ስል ዘጠነኛው ዙር ላይ አደረስኩት። የመጨረሻው ዙር ነው፣ ሁለት ሰው ወጥቷል፣ ሦስተኛ ከወጣ ያልቃል፣ በአንድ ነጥብ ተመርተናል፣ አንድ ሯጭ ማዕዘን ላይ ቆሞልናል፣ ሮስኮ ሁለቴ ስቷል። ይኼውና እዚያው ቆመናል።"

"እንግዲያው ይምታና ይሩጣ! ሌላ መቺ ይምጣ፣ አቻ ይውጡ፣ ዙር ይጨመር።"

"በምን ድምፅ?" ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ለአዲስ መቺ ስም ያስፈልጋል፣ ለአዲስ ዙር ሜዳ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። የቀረኝ ዱላው ብቻ ነው፣ ኔድ። ይኼን ካቆምኩ ትሄድብኛለች።" እንደገና መቱ። ቷ!

በበሩ ክፍተት አየሁ። ሚስስ ቬርና ትራስ ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ሬዲዮው አዙረዋል። አንድ እጃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ ላይ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው።

"እኔ ልያዘው" አልኳቸው። "እርስዎ ገብተው አጠገባቸው ይቀመጡ።"

"አንተ? አንተ ግራና ቀኙን የማትለይ?"

"ከመስመር ውጭ ለማለት ምን ዕውቀት ይጠይቃል?"

ትንሽ አመነቱና ዱላውን ሰጡኝ፤ እንጨቱን የቱ ጋ እንደምመታ፣ እንዴት እንደምተነፍስ፣ ሁሉንም በምልክት አዘዙኝ። ከዚያ ገቡና ያቺን እጅ ያዙ።

መታሁ። "ከመስመር ውጭ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ። በበሩ በኩል ክቡርነታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላማራቸውም። ደግሜ መታሁ። በአገጫቸው "ጠንከር!" አሉኝ። የሚሰናበቷትን ሚስት እጅ ይዘው እኔን ያርሙኛል። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም። የመስኮቱ ብርሃን ደብዘዝ አለ። ቀስ በቀስ የታጨደ ሣር ሸተተኝ፤ በየካቲት፣ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ። ሮስኮ ቴግን አየሁት። ፎቶ ላይ እንደማውቀው አይደለም፤ ላቡ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የጫማውን ጭቃ በዱላው ጫፍ ይመታል። ደክሞታል። ቀና ብሎ በጣም በትዕግሥት አየኝ፣ የምጠብቀው አንተን ነው እንደሚል።  ዓይኔን ወደ ሸክላው መለስኩ። ሸክላው አልቋል። መርፌው ተነስቶ ቦታው ላይ ተኝቷል። ተመልካቹ ግን ይጮሃል።

ያኔ ሳሎን ውስጥ ሚስስ ቬርና ተናገሩ።

"ኤልዊን፣ ይኼ ማነው የሚያወራው?"

"አዲስ ጋዜጠኛ ነው፣ የኔ ፍቅር።"

"ድምፁ አያምርም።"

"አያምርም" አሉ ሚስተር ሃስኬት ሳያቅማሙ።

"ግን አንተን ለቀቀልኝ። እዚያ ወጥ ቤት ሆነህ ስትለፋ እኔ ብቻዬን ነው የሰማሁት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ያ ልጅ ደክሞታል፣ ኤልዊን። ይምታና ይረፍ።"

ሚስተር ሃስኬት የሚስታቸውን እጅ ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩና አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይግባኝ የማይባልባቸው ሰው፣ እየለመኑኝ ይሁን እያዘዙኝ መለየት አልቻልኩም። አንዴ ብቻ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

በሙሉ ኃይሌ መታሁ። ገመዱ ተበጠሰ፣ እንጨቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። "መታት!" አልኩ፣ "ወደ ላይ ወጣች... ከሜዳው በላይ... ከመብራቶቹ በላይ... በግራ በኩል፣ አሁንም እየወጣች ነው..." ላሳርፋት አልቻልኩም። አጥሩን አለፈች እንዳልል፣ አሸንፈን ያልቃል። ተያዘች እንዳልል፣ ተሸንፈን ያልቃል። "እየወጣች ነው" አልኩ፣ "አሁንም እየወጣች ነው፣ ወዳጆቼ"፣ እያለቀስኩ። ተመልካቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ከዚያ ፀጥታ ሆነ፤ የበረዶ ፀጥታ።

"በቃ፣ ኔድ" አሉ ሚስተር ሃስኬት። "አይታታለች።"

ማይክሮፎኑን አስቀምጬ ገባሁ። ሚስስ ቬርና ፊታቸው ትንሽ ቀና ብሎ፣ ከንፈራቸው ፈገግታ እንደጀመረ፣ ሄደዋል። ሚስተር ሃስኬት እጃቸውን አልለቀቁም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። 

"ስህተት ነው የተናገርከው" አሉኝ በመጨረሻ፣ ወደኔ ሳይዞሩ። "ሮስኮ ግራኝ ነው። ግራኝ እንደዚያ ሲመታት በቀኝ በኩል ነው የምትሄደው።"

ሌላ ቀን ቢሆን እስኪመሽ እንከራከር ነበር። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ "እርስዎ ልክ ነዎት፣ ሚስተር ሃስኬት" አልኳቸው። "በቀኝ በኩል ነው የሄደችው።"