ትርንጎ ጋዋኔን የለበሰች ዕለት

ሕልም የሌሊት ብቻ ነው ያለ ማን ነው? እኔ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው ያየሁት። የት እንደተኛሁ አሁን አልናገርም፤ ብናገር ታፍሩብኛላችሁ።

ራሴን ያገኘሁት በቁምጣ ነው። ሰባተኛ «ለ» ክፍል፣ ፊተኛው ዴስክ ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩበት ክፍል ነው እኮ! ከግራዬ የጂኦግራፊው መምህር እርሳስ ይቀርጻል። ከቀኜ ርእሰ መምህራችን ጋሽ ምናለሸዋ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ከኋላችን ደግሞ የወረዳው መምህር በሙሉ ተደርድሯል፣ ስልሳ ይሆናል።

በሩ ተከፈተና መምህሯ ገባች። ሁላችንም ብድግ አልን። ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ተማሪዬ ናት፣ የግንበኛው የሞላልኝ ልጅ። እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ ትምህርቱ በአማርኛ ሳለ፣ አንደኛ ትወጣ ነበር። ሰባተኛ ላይ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ሲሆን አፏ ተለጎመ፤ ከመቶ ሃያ ሦስት አመጣች። ሰኞ ስሟ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ትድገም» ብዬ ልጽፍ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። በሕልሜ ግን ቀዩ እስክሪብቶ እሷ ጆሮ ላይ ተሰክቷል። ነጩን ጋዋኔንም ለብሳዋለች፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል።

ማስተማር ጀመረች፤ በወፍ ቋንቋ። ልጃገረዶቻችን እኛ እንዳንሰማቸው በየቃሉ መሃል «ዝ» እየወተፉ የሚያወሩትን ታውቁት የለ? በእሱ። ግድግዳው ላይ «ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በወፍ ቋንቋ ብቻ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማኅተም አለበት። ማኅተም ካለው ምን ይባላል!

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትለው?» አልኳቸው ጋሽ ምናለሸዋን በሹክሹክታ።

«እኔ በምን አውቄ!»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ሰሌዳው ላይ ያለውን ነዋ! አንተም ጻፍ። ስትጠይቅህ ደግሞ አዎ በል፤ አዎ ብሎ የተገረፈ የለም።»

ትርንጎ ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አወቅሁት፤ የራሴ «ገባችሁ?» ነው። ስልሳው መምህር በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አለ። እኔም አልኩ። ምን ላድርግ?

በዚህ መሃል ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ከረባት ያሰረ አህያ ነው። የትምህርት ዕቅዱን ተቀብሎ ገጽ በገጽ በላውና «ጥሩ ነው፤ ጨው ያንሰዋል» ብሎ ወጣ። እሱ ብቻ በአማርኛ መናገሩ አናደደኝ።

ከዚያ ትርንጎ እኔን አስነሳችኝ። ጠረጴዛው ላይ የከሰል ምድጃ አለ፤ የተጣደው ውሃ ይንተከተካል፤ የድስቱ ክዳን ይዘላል። በጣቷ ክዳኑን አሳየችኝ። ወይ ጉድ! ለምን እንደሚዘል አውቃለሁ እኮ! እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ይገፋዋል፤ ስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ! ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ አለ፣ በወፍ ቋንቋ ግን አንዱም አይወጣም። ከኋላ ሳቁብኝ። የጂኦግራፊው መምህር፣ ያ ቀልማዳ፣ ከሁሉም አብዝቶ ሳቀ።

ትርንጎ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። ወላጅ አምጣ ማለት ነው፤ እሱን ማን ያጣዋል!

የስምንት ዓመቱ ልጄ እሱባለው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጃንጥላ ይዞ ገባ። ከምኔው እንደደረሰ እንጃ። ራሱን እየነቀነቀ «የኔ እመቤት፣ እቤት እኮ ጎበዝ ነው። ሲያወራ አፉ አያርፍም። ልጄ ደደብ አይደለም» አላት። ክው አልኩ። ባለፈው ሳምንት ሞላልኝ ሲሚንቶ የደረቀበት እጁን አጣምሮ፣ ፊቴ ቆሞ ስለ ትርንጎ ያለኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት? «ቤት ሌላ፣ ክፍል ሌላ» አልኩት። አፈርኩ፤ በሕልሜም ቢሆን አፈርኩ።

ትርንጎ ቀዩን እስክሪብቶ ከጆሮዋ አወረደች። ስሜ አጠገብ አስጠጋችው። «ይድገም» ልትል ነው! በዚህ ዕድሜዬ፣ በቁምጣ!

«እትዬ ትርንጎ፣ በእናትሽ!» አልኳት።

ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ገብቶሃል ወይስ አልገባህም?» አለችኝ። «እውነቱን ከነገርከኝ በሚገባህ አስረዳሃለሁ።»

ጋሽ ምናለሸዋ ቁምጣዬን ጎተቱኝ። «አዎ በል፣ አንተ ልጅ! አታስጨርሰን!»

ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። «አልገባኝም!»

በራሴ ድምፅ ነቃሁ።

የመምህራን ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ። የሥልጠናው ርእስ «እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን ተማሪዎች በመደበኛው ክፍል እንዴት እንርዳ?» ነው። እሱንም ያወቅሁት ከጥሪ ደብዳቤው ነው፤ ሥልጠናው ራሱ ሁለቱንም ቀን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ደግሞ መኪና እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው የሚናገሩት። «ገባችሁ?» ብለው ኖሯል። ስልሳው መምህር «የስ!» ብሎ ገና አፉን አልገጠመም፤ የኔ «አልገባኝም» ብቻውን ቀረ።

አሠልጣኙ መነጽራቸውን አወለቁ። ሌላ ያልገባው ሰው እንዳለ ጠየቁ፤ እሱንም በእንግሊዝኛ።

ከጎኔ የተቀመጡትን ጋሽ ምናለሸዋን አየኋቸው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚበራውን ሁሉ ሲገለብጡ አንድ ደብተር ጨርሰዋል። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ኖ!» አለ ስልሳው መምህር።

አስተባባሪው የስም ዝርዝሩን ይዞ፣ እያዘነልኝ መጣ። የምስክር ወረቀት እንደማይሰጠኝ፣ ለሚቀጥለው ዙር እንደገና መምጣት እንዳለብኝ ነገረኝ። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ።

«ይቅርታ መምህር፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል?»

ቦርሳዬን ስከፍት እስክሪብቶው የትርንጎ ወረቀት ላይ ተጋድሟል። አውጥቼ ሰጠሁት። ስሜ አጠገብ «ይድገም» ብሎ ጻፈና መለሰልኝ።