ገና ያላለቀው ጊታር

ገዝቶ የሚጠቀም ሰው አለ፤ ገዝቶ የሚፈታም ሰው አለ። ሁለተኛውን ዓይነት አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ብቻውን ይኖራል ወይ እሱ ራሱ ነው። አዲስ ሰዓት ገዝቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያይ ጀርባውን የሚከፍት፣ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ገልብጦ እግሩን የሚመረምር፣ ሰው ቤት ምሳ ተጋብዞ ገና በሩ ሲከፈት "ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል" የሚል ያ ሰውዬ ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ ጠበብት፣ ክቡር አቶ ማሻሻያ፣ የፀጉር ቤት ባለቤት የሆኑ ባለቤት አሏቸው። ስሙን ያወጡለት የሚስቱ ደንበኞች ናቸው። ማዕረጉ እዚህ ላይ ይብቃውና፣ "አንተ" ብንለው የሚቀየም ሰው አይደለም። እንጀራው የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። ነፍሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሠርግ ባንድ ውስጥ ጊታር ሲመታ ነው የምትገኘው።

ጊታሩን ያመጣው ጃንጥላና የልጆች ብስክሌት ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። አካሉ ኮምፔንሳቶ፣ ቀለሙ እንደ ርካሽ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ ቀይ፣ የክሮቹ መቃኛ ደግሞ ሰው ሲያስነጥስ የሚላላ ነበር። ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ይሄ ርካሽ ነገር ምንድን ነው?"

"ርካሽ አይደለም፤ ያላለቀ ነው" አላት። "ፋብሪካው ጀመረው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

እሷም እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሰምታ ታውቃለች። ስለ ልብስ ማጠቢያው እንደዚያ ብሎ ነበር፤ ልብስ ማጠቢያው ዛሬ አበባ ተተክሎበታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ሰላም አጣ። የጊታሩ ፍሬቶች፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት እነዚያ የብረት መስመሮች፣ ጫፋቸው እጅ ይቧጭር ስለነበር የጥፍር ሞረዶቿ አንድ በአንድ ተሰወሩ። ደንበኛ እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ ሚስትየው ወደ ጓዳ ትጮኻለች፦ "አንተ! ሞረዴን!" ከጓዳም "አንዴ! ጫፉ ቀርቶኛል!" የሚል መልስ ይመጣል። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጭንቅላታቸውን ሙሉ በፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ተጠቅልለው ወደ ማድረቂያው ቢመጡ፣ ካስኩ ሥር የጊታር አንገት ተጋድሞ አገኙ።

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ" አላቸው ማሻሻያ በታላቅ አክብሮት። "ሙጫው እየደረቀ ነው።"

"እኔስ ልጄ? እርጥብ ልቅር?"

ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ የፕላስቲክ ድጋፍ ድምፅ ትበላለች ብሎ በአጥንት ሊተካት ሲነሳ ደግሞ፣ አማቱ ምሳ ላይ ነበሩ። ከድስቱ ውስጥ ሥጋውን እየገፋ አጥንቱን ወደ ብርሃን እያነሳ ሲያገላብጥ አዩት። "ሥጋውን ትቶ አጥንት ለሚመርጥ ሰው ነው ልጄን የሰጠሁት" አሉ ለግድግዳው። እሱ ግን አጥንቱን አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቦይ ቦዩን በሞረድ አወጣለት። መቃኛዎቹን ከአሮጌ ጊታር ነቅሎ ቀየረ። የክሩን ድምፅ የሚያነሳውን ማግኔትም ከፈረሰ ባንድ ዕቃ ውስጥ ፈልጎ አመጣና በየደ። ሚስቱ ባለፈች ባገደመች ቁጥር "አለቀ?" ትለዋለች። "ገና!" ይላል፣ ሰደቡኝ ብሎ እንደሚመልስ ሰው።

እውነቱን ለመናገር ጊታሩ አምሮበት ነበር። ሲመታ ከጓዳው የሚወጣው ድምፅ ደንበኞቿን ዝም ያሰኛል። አንድ ጉድ ብቻ ቀረበት፤ እሱ መምታቱን ሲያቆም ጊታሩ አያቆምም። "ዝዝዝዝ" ይላል፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ። መብራት በበዛበት አዳራሽ ደግሞ ይብስበታል።

የባንዱ አለቃ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ከሙዚቃው ይልቅ ስለ ባንዱ ሱፍ ልብስ የሚጨነቅ። የወንድሙ ልጅ በቅርቡ ጊታር ገዝቷል፤ የጊታሩ ጭንቅላት ላይ ያለው የታዋቂ ፋብሪካ ስም ከመንገድ ማዶ ይነበባል። አለቃው ባለፈው ሠርግ ላይ ሙሽራው ንግግር ሲያደርግ ያቺ "ዝዝዝ" ስታጅበው ሰማና ቁርጡን ተናገረ።

"ማሻሻያ፣ ለዚያ ጣውላህ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። በሐሙሱ ልምምድ አንዴ ካንጎራጎረ ቦታህን ለወንድሜ ልጅ እሰጣለሁ።"

ባንዱ ሳቀ። ማሻሻያ ግን ቤት እንደገባ ለሚስቱ የነገራት ሳይስቅ ነው። እሷም አልሳቀችም። ሳምንቱን ሙሉ ፓምፕ ሥር ተንበርክኮ የሚውለው ባሏ ቅዳሜ ማታ ሲመለስ ጀርባው ቀጥ ብሎ እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ነች። ያ ቦታ ከተወሰደበት ምን ዓይነት ሰው ይዛ እንደምትቀር አሰበችና ፈራች።

"ለአንድ ቀን የሰው ጊታር ተዋስ" አለችው።

"አልዋስም።"

"ኩራትህን አንድ ሐሙስ ብትውጠው ምን ትሆናለህ?"

"እሱ ሌላ ሰው የጨረሰው ነው። እኔ ሰው ፊት የምቆመው እኔ የጨረስኩትን ይዤ ነው። ካልፈለጉ ይተውት!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በሆዷ። በነጋታው አንዲት ደንበኛዋን ለመነች፤ የሴትዮዋ ባል ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የሰቀለው ውድ ጊታር አለ። ከነጥቁር ሳጥኑ ተዋሰችና የፀጉር ቤቱ ካባዎች የሚሰቀሉበት ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀችው።

ረቡዕ ቀን የአንዲት ወጣት ፀጉር ቀለም ስትቀባ፣ ዘለላውን በፎይል እየጠቀለለች እያለ፣ ማሻሻያ ከጓዳ ብቅ አለና ደርቆ ቀረ።

"ስጪኝ!"

"ምኑን?"

"ፎይሉን! ሆዱን በብረት ካለበስኩት ጩኸቱ መግቢያ ያጣል!"

ወጣቷ ግማሽ ፀጉሯ ሳይጠቀለል ቀረ። ማሻሻያ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ የሚቀመጡበትን የጊታሩን ሆድ በፎይል ለበጠው፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞከረው፣ ዝንቧ የለችም! ሚስቱን ወገቧን አቅፎ አሽከረከራትና ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

ሐሙስ ወደ ልምምዱ አዳራሽ አብራው ሄደች። ጥቁሩንም ሳጥን ለሹፌሩ "ለደንበኛ የማደርሰው ነው" ብላ፣ ባሏ ሳያየው ታክሲው ኋላ ጫነችው፤ ከኋላው ስትገባ ከበሩ አጠገብ ወንበር ሥር ገፋችው። ማሻሻያ ገመዱን ሰካ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አላንጎራጎረም። ክሩን መታ። ያም ጸጥ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ጩኸቱን ሲያባርር ድምፁንም አብሮ አባርሮታል።

"አልቆለታል" አለ አለቃው፣ ለወንድሙ ልጅ ጥቅሻ እየሰጠ። "ሐሙስ አልኩህ፣ ሐሙስ ሆነ። ሌላ ጊታር ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ቦታውን ልቀቅ።"

ሚስቱ እጇ ሳጥኑ ላይ ነበር። ጎትታ ብታወጣው ቦታው ይተርፋል። ግን ባሏን አየችው፤ ተንበርክኮ ካቻቢቴ ይዞ ክዳኑን ሲፈታ አገጩ አልወረደም። ሳጥኑን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችውና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ፎይሉ ክዳኑ ሲጫነው ተጨማዷል" አላት በሹክሹክታ። "መሰኪያው ላይ ያለውን ሽቦ ነክቷል።"

"ዞር በል። ፎይል የማን ሥራ ነው?"

ከቦርሳዋ ወረንጦዋን አወጣች። የተጨማደደውን ጠርዝ ቀስ ብላ ወደ ኋላ አጠፈችው፤ ዳግመኛ እንዳይነካካም በቀይ የጥፍር ቀለም ለቀለቀችውና እፍ እፍ አለችበት።

"ሙሽራዋን እየኳልሽልን ነው እህቴ?" አለ አለቃው። የወንድሙ ልጅ ሳቀ።

"ትንሽ ይታገሱ" አለች ቀና ሳትል። "እየደረቀ ነው።"

ክዳኑ ተዘጋ። ማሻሻያ ክሩን መታ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣና ጣራው ሥር ቆየ፤ እጁን ክሮቹ ላይ ሲያሳርፍ አዳራሹ ውስጥ የቀረው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከበሮ መቺው ሳይታዘዝ ገባለት። አንድ ዘፈን ሙሉ ተጫወቱ፣ አለቃውም ሳያስበው እጁ ኪቦርዱ ላይ ሄደ።

"አለቃ፣ ልክ ብለው ነበር" አለች ሚስትየው። "አሁን አለቀለት!"

አለቃው ተሸንፎ ዝም የሚል ሰው አይደለም። "እሺ፣ ቦታው ያንተ ነው" አለ። "ግን ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። ለሠርገኛው ዓይን እንኳ ስም ያለው ነገር ብትይዝ..." ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። "ቆይ፣ ያ ወንበር ሥር ያለው ምንድን ነው? የጊታር ሳጥን አይደለም እንዴ?"

ማሻሻያ ዞረ። የጊታር ሳጥን ከመንገድ ማዶ የሚለይ ሰው ነው። ሳጥኑን አየ፣ ሚስቱን አየ። ፊቷ ቀይ ሆነ፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

"የፀጉር ዕቃ ነው" አለች።

"ይህን የሚያክል?"

ማሻሻያ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ከጎኗ ሄዶ ቆመ።

"ብዙ ቢጎዲን ነው ያላት" አለ።