ሰሚራ ሱሉልታ ላይ ስትዞር

ሥልጣን ማለት ሰው ማስጠበቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው! አታምኑኝም? እስቲ አስቡት... ማህተሙን የያዘችው ልጅ ሻይዋን ሳትጨርስ ቀና ብላ አይታችሁ ታውቃለች? ተራ አስከባሪው ባዶ ሚኒባስ አቁሞ እናንተን ፀሐይ ላይ ሲያሰልፋችሁ ፊቱ ላይ ያለውን ደስታስ ልብ ብላችኋል? እሱ ነው ሥልጣን። ወንበርና መኪና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከሚጠብቁት ወገን ነኝ። ደረጄ እባላለሁ፤ ቡራዩ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወረቀት ልገዛ መርካቶ ስወርድ ታክሲ እጠብቃለሁ፤ ስመለስ መብራት እጠብቃለሁ፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ እጠብቃለሁ፤ ሁሉም ሲሟላልኝ ደግሞ ደንበኛ እጠብቃለሁ። ራዳር ውስጥ የከተተኝም ይኸው ጥበቃ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚበረርበት ጨዋታ አለ። ለዓመታት ተጫውቼዋለሁ፤ ስንቴ እንጦጦ ላይ እንደተከሰከስኩ የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ነን። በቅርቡ ታዲያ በጨዋታው ላይ የሚጨመር አንድ ፕሮግራም አገኘሁ። እሱን ስትጭኑ አብራሪነታችሁ ይቀርና መሬት ላይ ተቀምጣችሁ አብራሪዎቹን የምታዝዙ ትሆናላችሁ። ስክሪኑ ይጠቁራል፤ በላዩ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ ነጥብ አውሮፕላን ነው፤ ከጎኑ የበረራ ቁጥሩ ተጽፏል። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ “ውረድ” ስለው ይወርዳል፤ “ዙር” ስለው ይዞራል። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ ፕሮግራሙ የእውነተኛውን በረራ የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ነው የሚሠራው። ዛሬ ጠዋት ከጅዳ የሚገባ አውሮፕላን ካለ በእኔም ስክሪን ላይ ይገባል። የኔው ግን የውሸት ነው፤ የእውነቱ አውሮፕላን የት እንደደረሰ ፕሮግራሙም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ከሁሉም የምወደው ማስጠበቁን ነው። አንድ አውሮፕላን ሳይወርድ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ አንድ ቦታ ላይ ክብ እየሠራ እንዲዞር ታዝዙታላችሁ፤ ወዶ ሳይሆን በግዱ ይዞራል። አንዱን ሰበታ ላይ፣ አንዱን ሆለታ ላይ፣ አንዱን ሱሉልታ ላይ አዞራቸዋለሁ። አብራሪው “ነዳጄ እያለቀ ነው” ሲል “ጉዳይህ እየታየ ነው፣ ነገ ተመለስ” ስለው ደስ ይለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? እኔ የምበላው ባይኖረኝም ማስጠበቁን ጠግቤዋለሁ።

ወደ ጉዴ ልግባ። ከሱቄ ጎን ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ፣ ሰሚራ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ ልትመጣ ነው። የሄደች ቀን እሳቸው ታመው ተኝተው ስለነበር የሸኛት ሰው የለም፤ ሻንጣዋን እየጎተተች ብቻዋን ነው የወጣችው። ይህ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል። ሳምንቱን ሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

“ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ልጄ ሁለተኛ ብቻዋን አትቆምም።”

የኛን ሰፈር አቀባበል መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቦሌ የሚሄደው ሰፈሩ በሙሉ ነው። እሑድ ጠዋት የተከራየነው ሚኒባስ ሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። የገባው ያልመጣውን ልጥራ ብሎ ይወርዳል፤ የተጠራው ሲመጣ ጠሪው የለም። እሱን ፍለጋ ደግሞ ሌላው ይወርዳል። እንዲህ ስንባባል ጊዜው ነጎደ። እትዬ ዘይነባ አበባቸውን ታቅፈው የፊት ወንበር ላይ “ኧረ ረፈደብን” እያሉ ይቁነጠነጣሉ።

እኔን ሊጠሩ የገቡት ኦቦ ገመቹ ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ አጥር ቢገፋ እሳቸው ሳይሰሙት ነገር አያልቅም። “አካም ጅርታ” ብለው እንደገቡ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አውሮፕላኖች ናቸው አልኳቸው። ልብ አድርጉልኝ፣ አልዋሸሁም። ወደ ቦሌ የሚገቡ ናቸው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። ይሄም ውሸት አይባልም... ብዙም።

እዚህ ላይ የኔ ኮምፒውተር በሰፈሩ ያለውን ክብር ማወቅ አለባችሁ። የሰፈሩን ዲቪ በየዓመቱ የሚሞላው እሱ ነው። የፓስፖርት ቀጠሮ የሚይዘው እሱ ነው። የተማሪ ውጤት የሚያወጣውም እሱ ነው። እንግዲህ አውሮፕላን ቢያሳይ ኦቦ ገመቹ ለምን ይገረሙ? ስልካቸውን አውጥተው ሰሚራ የላከችውን የበረራ ቁጥር አነበቡልኝ። ፈለግኩት። አለ! አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ በሰንዳፋ በኩል እየመጣ ነው። ኦቦ ገመቹ ወደ በሩ ወጥተው ለሚኒባሱ በሙሉ አንድ ነገር ተናገሩ።

“ልጅቷ ደረጄ ጋ አለች።”

ሚኒባሱ ባንድ አፍታ ተራግፎ ሱቄ ውስጥ ገባ። ጨዋታ ነው ልል አፌን ስከፍት እትዬ ዘይነባ ነጥቧን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አለቀሱ። አንጀቴን በሉት። ያንን እንባ እያየ “እትዬ፣ የውሸት ነው” የሚል ጀግና ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። ወዲያው እልልታው ቀለጠ፤ ከእልልታ በኋላማ ማን ይናገራል?

እንባቸውን ጠርገው፣ ልጃቸው ከእኛ በፊት ትደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። በዚህ አያያዛችን ትደርሳለች አልኳቸው፤ ይቺኛዋ እንኳን እውነት ነበረች። ፊታቸው ጭልም አለ። ከዚያ ትከሻዬን ያዙ።

“ደረጄ ልጄ፣ እኛ እስክንደርስ ላይ አቆይልኝ። ብቻዋን እንዳትቆም።”

ኦቦ ገመቹም የራሳችን ሰው እያለን ምን ያስጨንቀናል፣ አቆያት እንጂ ብለው አጸኑት። አያችሁልኝ ፈተናውን? ዕድሜ ልኩን በየመስኮቱ ሥር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዛሬ አቆይልን ተብሎ ተለመነ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፣ ማይክራፎኔን አስተካከልኩና የሰሚራን አውሮፕላን ሱሉልታ ላይ አዞርኩት። ነጥቧ ታዛዥ ናት፤ ክቧን መሥራት ጀመረች። ተጨበጨበልኝ።

ሐሳቤ ክፉ አልነበረም። ደስ ብሏቸው ይሂዱ፣ ልጅቷን እዚያው ያገኟታል፣ የኔም ክብር በቦታው ይቆያል ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፤ የኛ ሰው “ጊዜ አለ” ከተባለ ከቦታው አይነቃነቅም!

ሹፌሩ ፉል ሊበላ ሄደ። አንዷ ጫማ ልትቀይር ቤቷ ገባች። ቅድም “ረፈደ” ሲል የነበረው ሁሉ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ማለት ጀመረ። እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ጋቢዬ አላማረኝም ብለው ሊለውጡ ሄዱ። በሉ ውጡ፣ ሂዱ ብዬ ብለምን የሚሰማኝ ጠፋ። ይዘሃት የለም እንዴ ይሉኛል! ይዣት የለም እንዴ... ምን ልበል?

ኦቦ ገመቹ በዚህ መሃል ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ምክትሌ ሆኑ። አንድ ነጥብ ወደ ቦሌ ዝቅ ሲል አዩና ይሄ ደግሞ ማነው አሉ። የጭነት አውሮፕላን ነው አልኳቸው። ዕቃ ወርዶ ሰው እየዞረ ይጠብቃል እንዴ ብለው ተቆጡ፤ እሱንም ሰበታ ላይ አዞርኩት። ቀጥሎ የመጣውን፣ ማንም ይሁን ማን ከኛ ልጅ አይቀድምም ብለው ወደ ሆለታ አስላኩት። ትንሽ ቆይቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማይዞር ነገር ጠፋ፤ ቦሌ ላይ ግን ዝንብ አልወረደችም። ጋቢያቸውን ለውጠው የተመለሱት እትዬ ዘይነባ፣ ይሄን ያህል ስትዞር ልጄን አያጥወለውላትም ወይ ብለው ተጨነቁ። ሰፋ አድርገህ አዙራት አሉኝ ኦቦ ገመቹ። ሰፋ አደረግኩላት።

የሚገርማችሁ ደግሞ ቀስ በቀስ እኔም አመንኩ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ነዳጁ ያልቅባት ይሆን እያልኩ ላብ አሰመጠኝ! ሁላችንም አንገታችንን ስክሪኑ ላይ ተክለን ሳለ፣ ከኋላችን በበሩ በኩል አንዲት ሴት ምን እያየን እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ዘይነባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ መለሱላት።

“ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ሰሚራን እየጠበቅን ነው።”

“የት ናት?”

“ሱሉልታ ላይ።”

“እማ... እኔ ነኝ።”

ዞር አልን። ሰሚራ ናት! ሁለት ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ዘይነባ አበባውን ጥለው ተጠመጠሙባት፤ ሱቁ በለቅሶና በሳቅ ተናወጠ። ኦቦ ገመቹ ብቻ ከወንበራቸው አልተነሱም። ሰሚራን አዩ፣ አሁንም ክብ የምትሠራውን ነጥብ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

“ማልታኤ? ምን ተፈጠረ? አንተ ሳትፈቅድላት ማን አወረዳት?”

ሰሚራ ተናገረች። አውሮፕላኗ በሰዓቱ ነው የወረደው። ስትወጣ የሚቀበላት ፈለገች፤ የለም። ስልኳ አገር ውስጥ አልሠራ አላት። ሌላው ሁሉ በአበባና በእልልታ እየተወሰደ ሲሄድ እሷ ሻንጣዋን ተደግፋ ቆማ ቆማ፣ በመጨረሻ ታክሲ ይዛ መጣች። “የረሳችሁኝ መስሎኝ ነበር” ስትል ድምጿ ተሰበረ። ክው አልኩ። እናትየው ሳምንቱን ሙሉ የፈሩት ነገር ደረሰ፤ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በማይክራፎን!

ያኔ ነው ምላሴ የተፈታው። የውሸት አውሮፕላን መሆኑን፣ ጨዋታ መሆኑን አንድ በአንድ አወጣሁት። እትዬ ዘይነባ አንዴ አዩኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁሉም ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረ። እሳቸውም በምክትልነት ሲያስዞሩ እንዳልነበሩ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ፈረዱ።

“ልጅቷ ቆማ ጠብቃለች፤ ያስቆማት ይቁም። አቀባበሉም እንደ ወጉ ይደገም።”

ፍርዱ ሲብራራ እንዲህ ሆነ። እኔ አበባውን ይዤ ቀድሜ ቦሌ እሄዳለሁ፤ መውጫው ላይ ለሰፈሩ ቦታ እይዛለሁ። እነሱ ሰሚራን በሚኒባሱ ይዘው ይከተሉኛል፤ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ እናቷም ከሁሉ ቀድመው ያቅፏታል። ሰሚራ እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ያ ሳቅ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን “ቶሌ፣ እሺ” ብዬ አበባዬን ታቅፌ ሄድኩ።

ቆምኩ። ከዱባይ የመጣው ተቃቅፎ ሄደ። ከናይሮቢ የመጣው ተቃቅፎ ሄደ። አበባው አንገቱን ደፋ፤ እኔም ደፋሁ። ቢቸግረኝ እትዬ ዘይነባ ስልክ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው ሰሚራ ናት፤ ከጀርባዋ የሳህን ድምፅና የሰፈሩ ሁሉ ሳቅ ይሰማል።

“ጋሼ ደረጄ፣ ምሳ ላይ ነን። ሱሉልታ ላይ ትንሽ ዞር ብለን እንመጣለን፤ ጠብቀን።”

ዘጋችው። እውነተኛው ሥልጣን የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ስልኬን ኪሴ ስከት አንድ ጥበቃ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሮ ጠጋ አለና፣ ያን ያህል የምትጠብቃት እንግዳ ከየት ነው የምትመጣው ብሎ በሐዘኔታ ጠየቀኝ።

“ከቡራዩ” አልኩት።