የቀጭኑ ሰውዬ ትርጓሜ

ምስጋናው: አይደለም እልሃለሁ! ዲዳ አይደለም!

አብተው: ታዲያ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም።

ምስጋናው: ድምፅ የሌለው ፊልሙ ነው፣ ሰውዬው አይደለም።

አብተው: ሰውዬው ሊናገር ሲል ፊልሙ ከለከለው?

ምስጋናው: ያኔ የፊልም ድምፅ ገና አልመጣም ነበር! የዱሮ ዘመን ነው!

አብተው: አያቴ እኮ የዱሮ ዘመን ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ግን ገደል ተሻግሮ ከብት ይመልስ ነበር ይባላል።

ምስጋናው: እመ ብርሃን፣ ትዕግሥቱን ስጪኝ!

[እንግዲህ ይህ ክርክር የተነሣው ሐይቅ ከተማ፣ ሱረያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፤ በመጋቢት 2014፣ ከምሳ በኋላ፣ የፊልሙን ቅንጭብ አይተው እንደዘጉት። ለውጥ መጣ ብለን ጨፍረን ሳንጨርስ ጦርነቱ ደረሰ፤ ኅዳር ላይ በከተማዋ አልፎ ሲሄድም የሱረያን ስስ ቴሌቪዥንና አዳዲስ ፊልሞቿን ጠራርጎ ሄደ። ደግነቱ፣ ጀርባው ያበጠውን አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ዴኩንና የአባቷን የአብዱልሃሚድን አንድ ካርቶን ካሴት የሚመኝ ሌባ አልተገኘም። እና ቅዳሜ ቤቱን ልትከፍት ነው፤ የምታሳየውም ማናችንም ሳንወለድ የተሠራ፣ ድምፅ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች፣ «ሕዝቡ አበሳውን አይቷል፣ ይሳቅ። ግን አንዱ ጾም ገብቷል፣ ሌላው ደጅ ላይ ነው፤ ፊት ቆሞ ትምህርቱን የሚገልጥ ሰው ይኑር» ብለዋል።

ያን ሰው ለመሆን ምስጋናው እንቅልፍ አጥቷል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሮ አቋርጦ የወጣ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሚቆምበት መድረክ ሲፈልግ ኖሯል። ሱረያም፣ «አያ አብተውን አስረዳው። እሱ ከገባው ማንም ይገባዋል፣ ቦታው ያንተ ነው» ብላው ወጣች። አብተው የአምባሰል ገበሬ ነው። ቤቱ በከባድ መሣሪያ ፈርሶበት ከተማ ገብቶ፣ የሱረያን ጣሪያ እየጠገነ ነው። ዝግ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለተኛውን እስኪያመጣ ሻይ ይቀዘቅዛል። ምስጋናውን ግን «የኔታ» ይለዋል። ምስጋናውም ይህን በሰማ ቁጥር አንገቱ ስንዝር ይረዝማል።]

አብተው: የኔታ፣ ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተውታል?

ምስጋናው: ይህን? ደሴ ሳለሁ ሰባት ጊዜ! በቃሌ ነው የያዝኩት። በል፣ የዘጋኸውን ክፈተው፤ ካልጀመርን አይመሽም እንዴ?

አብተው: የቱን ልጫን?

ምስጋናው: አንዱን ተጫን! እኔ ትርጓሜ እንጂ ቁልፍ አላጠናሁም።

[አብተው ሪሞቱን አገላብጦ አይቶ ይጫናል። ቴሌቪዥኑ ላይ የጡብና የእንጨት ክምር ታየ። ወዲያው ጡቡ እየዘለለ ይደራረብ ጀመር፤ አቧራው ተሰብስቦ ገባ፤ አንድ ሙሉ ቤት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬና አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ተናንቀዋል።]

አብተው: (ብድግ ብሎ) የኔታ! ቤቱ ተነሣ!

ምስጋናው: (እሱ ራሱም ደንግጧል፤ ግን ማን ያሳያል?) ይነሣል እንጂ! ቤት ምን ሊያደርግ ኖሯል?

አብተው: አናጢ የለ፣ ምስማር የለ፣ ደቦ የለ!

ምስጋናው: የዱሮ ሰው ሥራ ፈጣን ነው። እንዳንተ አንድ ቆርቆሮ ለመምታት ሁለት ሳምንት አይፈጅም። አንድም፣ ቤት ያለው ትዳርን ነው። በጸሎት የተመሠረተ ትዳር ያለ አናጢ ይቆማል።

አብተው: ሚስቲቱ የታለች?

ምስጋናው: ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች።

አብተው: አላየኋትም።

ምስጋናው: ውኃው ሩቅ ነው!

[ሁለቱ በመሰላል ወርደው መንገድ ላይ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን ወደ ቀጭኑ እንዳዞረ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይሮጣል።]

አብተው: ይሄ ወፍራሙ ለምን በጀርባው ይሮጣል?

ምስጋናው: (እጁን እያፋተገ) ጎሽ! ይህችን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ከታቦት ፊት ስትወጣ ጀርባህን ትሰጣለህ?

አብተው: በግሸኗ! ማን ይሰጣል? ወደ ኋላ እያልኩ ነው የምወጣው።

ምስጋናው: ዱሮ ለባላባትስ?

አብተው: ለባላባትም አይሰጥም ነበር አሉ።

ምስጋናው: በቃ! ቀጭኑ ባላባት ነው። ወፍራሙ እጅ ነሥቶ እየተሰናበተው ነው።

አብተው: በሩጫ?

ምስጋናው: ይቸኩላላ! ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው።

አብተው: የባላባቱ ሱሪ ከኋላው ተቀዷል።

ምስጋናው: ትሕትና ነው።

አብተው: ባላባቱም እኮ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ የኔታ።

ምስጋናው: እሱስ ከበላዩ ንጉሥ የለበትም?

አብተው: ንጉሡ የት አለ?

ምስጋናው: ከቴሌቪዥኑ ውጭ ነው። አሮጌ ቴሌቪዥን ጠባብ ነው፣ ንጉሥ አይችልም።

[አብተው ጋቢውን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምስጋናው ይህን አይቶ ልቡ ቅቤ ሆነ። «ትምህርቴ ሰውን አስለቀሰ!» ብሎ የቅዳሜውን ሕዝብ በዓይነ ኅሊናው አየ። ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ ቀጭኑ ሰውዬ ከኩሬ ውስጥ እግሩን አስቀድሞ ተፈናጥሮ ወጣና፣ ልብሱ ደርቆ ዳር ላይ ቆመ።]

አብተው: ጠብታ የለበትም! ከዚህ ከሐይቃችን እንዲህ ሆኖ የወጣ አላየሁም፤ ዓሣው ራሱ ረጥቦ ነው የሚወጣው።

ምስጋናው: ጥምቀት ነው። የጸና እምነት ያለው ሰው አይበሰብስም።

አብተው: እኔ ጥር ላይ ተጠምቄ እስከ ማታ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ።

ምስጋናው: እንግዲህ አብተው፣ ራስህን መርምር።

[ቀጭኑ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ራሱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። የጋጋሪው ዱላ ራሱን ሲነካው እብጠቱ ጠፋ፤ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ።]

አብተው: ዱላው አዳነው!

ምስጋናው: ዱላ አትበል፣ ይቅር ይበልህ! መቋሚያ ነው። የወደቀውን ሲያነሣ እያየህ?

አብተው: ዳቦ ጋጋሪ ከመቋሚያ ጋር ምን አገናኘው?

ምስጋናው: ዱሮ እኮ ዳዊት ያልደገመ ሰው ሊጥ አያስነኩትም ነበር።

አብተው: እኔንም ከትናንት ወዲህ ራሴን ይዞኛል፤ እስቲ እንዲያው በዚች መዶሻ...

ምስጋናው: ዝም ብለህ እይ! ዋናው መጣ!

[ቀጭኑ የተጋጠ አጥንት ይዟል። አፉ ላይ ባደረገው ቁጥር አጥንቱ ሥጋ ይለብሳል፤ በመጨረሻ ሙሉ የዶሮ ጭን ሆነ። ምስጋናው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣ።]

ምስጋናው: ይኸው! ይኸው ትምህርቱ! ዶሮውን ከአፉ አወጣው! ጾም መግባቱ ትዝ አለው!

አብተው: ከዋጠ በኋላ?

ምስጋናው: ከዋጠ በኋላም ቢሆን! ንስሐ ይሉሃል ይኸ ነው። ደግሞ እየው፣ እየው! በመስኮት አስገብቶ ሳህኑ ላይ መለሰው! የበላውን ሥጋ እንኳ ሳያጎድል ለባለቤቱ ያስረከበ! ወይ የዱሮ ሰው! ወይ የዱሮ ፊልም! የዘንድሮ ሌባ ይህን አይቶ ቢሆን የሱረያ ቴሌቪዥን ዛሬ ቦታው ላይ ነበር!

አብተው: (ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንበርክኮ) በቃ የኔታ! በሞቴ ይብቃዎ! ሞትኩ!

ምስጋናው: አልቅስ ወንድሜ፣ አልቅስ። ንስሐ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

[ሱረያ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን እንደያዘች ትገባለች። አንዱን ወንበር ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አየች፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን።]

ሱረያ: ያ ረቢ! ምን ሆናችኋል?

ምስጋናው: ሱረያ፣ ቅዳሜ ሰው በእንባ ይታጠባል! ይህን ሰው ተመልከችው! ንስሐ ገባልሽ!

ሱረያ: ቆይ እስቲ... አያ ምስጋናው፣ ካሴቱ እኮ ወደ ኋላ እየተጠነጠነ ነው!

ምስጋናው: ወደ ኋላ... ሲባል?

ሱረያ: ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነዋ! ሰውዬው ዶሮ ሰርቆ ይበላል፤ ባለ ዳቦ ቤቱ በዱላ ይለዋል፤ ሲሸሽ ኩሬ ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያ ላይ ሲተናነቁ ቤቱ ይፈርስና ያልቃል። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ ብለህ አይደል እንዴ የመጣኸው?

[ምስጋናው ከወንበሩ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።]

ምስጋናው: ደሴ... ከኋላ ወንበር ነበር የተቀመጥኩት።

ሱረያ: ወላሂ?

ምስጋናው: ይህ ሁሉ የመጣው በዚህ ሰው ነው! የማያውቀውን ቁልፍ ነክቶ! አብተው፣ እንደው አንተን ብሎ ፊልም ተመልካች! ምን አለ ጠይቀህ ብትጫን?

አብተው: ጠይቄዎት አልነበር? ደሞስ አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው የተጫንኩት።

ምስጋናውና ሱረያ: አውቀህ?

አብተው: ትናንት ሱረያ ካሴቱን ስትሞክረው እኔ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። በተቀደደው ቆርቆሮ ቁልቁል ሦስት ጊዜ ከነመጨረሻው አየሁት። ቤቱ ሲፈርስ ነው መሰለኝ ሰው የሚስቀው። እኔን አላሳቀኝም። ቤት ሲፈርስ ኅዳር ላይ ደጄ ቆሜ አይቻለሁ። ኋላ ካሴቱን ወደ ኋላ ስትመልሽው ግን፣ ቤቱ ብድግ አለ! ሱረያ፣ ልቤም አብሮት ብድግ አለ! እዚያ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሜ ብቻዬን እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የቱን ቁልፍ እንደተጫንሽም ልብ ብዬ ያዝኩ። ዛሬም የኔታ ሳያዩኝ ካሴቱን መጨረሻው ላይ አድርሼ ጠበቅሁ።

[ሱረያ ዘንቢሏን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ምስጋናውም ከቴሌቪዥኑ ፊት ገለል አለ።]

ሱረያ: እስቲ ቤቱን ድገመው።

[አብተው ካሴቱን ወደ መጨረሻው አሮጦ እንደገና ወደ ኋላ ይለቀዋል። ጡቡ ይዘላል፤ አቧራው ይገባል፤ ቤቱ ይቆማል። ሱረያ ታጨበጭባለች። ምስጋናው ኩርፊያውን ረስቶ «ተነሣ! ተነሣ!» እያለ ጭኑን ይመታል። አራት ጊዜ ደገሙት።]

ሱረያ: (ዓይኗን እየጠረገች) አብሽር አያ አብተው፣ ያንተም ይነሣል ኢንሻአላህ። ቅዳሜ መጀመሪያ ወደፊት እናሳይና ከዚያ ወደ ኋላ እንለቀዋለን። ሰው ሲወጣ ቤቱ ቆሞ አይቶ ይውጣ።

ምስጋናው: (ዝቅ ባለ ድምፅ) የእኔስ ነገር? ቦታው...

ሱረያ: አብተው ከገባው አይደል ያልኩት? አያ አብተው፣ የገለጠልህ ገባህ?

አብተው: ኸረ ምኑም!

[ምስጋናው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ አመራ። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀው መድረክ ከእጁ ወጣ።]

አብተው: ግን የኔታ ከሌሉ እኔም ቅዳሜ አልመጣም።

ሱረያ: ለምን?

አብተው: ፊልሙንማ ትናንት አይቼ ጨርሻለሁ። ዛሬ ሆዴ እስኪቆስል ያየሁት እሳቸውን እኮ ነው!

ምስጋናው: (በሩ ላይ ቆሞ) እና ያ ሁሉ እንባ...

አብተው: ሳቅ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። «ንጉሥ አይችልም» ሲሉኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

[ምስጋናው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ሱረያ ግን «ምን ያለው ንጉሥ?» ብላ ጠየቀች፤ አብተው ነገራት፤ ዘንቢሏ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ምስጋናው አፉን ዘጋ። ሰው እንዲህ ሲስቅ ካየ ስንት ወሩ ነው? ለመቆጣት ሞከረ፣ አልመጣለትም።]

ምስጋናው: ቅዳሜ ከፊት ነው የምቆመው?

ሱረያ: ከሁሉ ፊት!

ምስጋናው: ሕዝቡ በሙሉ እኔን ነው የሚያየኝ?

ሱረያ: አንተ እያለህ ቴሌቪዥኑን ማን ያየዋል?

ምስጋናው: (ተመልሶ ገብቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወንበሩ ላይ እየወጣ) በል አብተው፣ ክፈተው፣ እንለማመድ። ብቻ አደራህን፣ ወደፊት ይሂድ ወደ ኋላ እንዳትነግረኝ፤ ትርጓሜዬን ታበላሽብኛለህ!