በድሬዳዋ ፀሐይ ሞተር ሳሞቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ «ማሞቅ» የሚያወራ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ጤናው ይመርመር! እዚህ ማንም ምንም አያሞቅም። የቧንቧ ውሃ ሞቆ ነው የሚወጣው፤ የመኪና በር በጨርቅ ተይዞ ነው የሚከፈተው፤ በአጭር ሱሪ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ... የደረሰባችሁን እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ ግን በዚህ ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሠርግ ቀን፣ ሞተር ላሞቅ ተነሳሁ። ያውም አማቴን አጠገቤ አስቀምጬ!

አንዲት ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለችኝ። ናፍጣ ነች፤ ዕድሜዋን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ውስጡን የሚያሞቁለት ካንዴላዎች አሉት። ቁልፉን ግማሽ ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ ጥምዝምዝ ያለች ቢጫ መብራት ትበራለች፤ እሷ እስክትጠፋ ጠብቃችሁ ታስነሳላችሁ። እኔ ምን ቸገረኝ! ለዓመታት ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ እያዞርኩ ስነዳ፣ ካንዴላዎቹ ተቃጥለው ማለቃቸውን እንኳ ሳላውቅ ኖርኩ። የድሬ ሙቀት ገመናዬን ሸፍኖልኝ ነበር። አንድ ጠዋት ደንገጎ ተራራ ላይ ብርዱ አጋለጠኝና መኪናዋ አልነሳም ብላ ተገተረች። ተመልሼ ሁሉንም በአዲስ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ናፍጣ ሞተር የማልሰብከው ሰው የለም፤ የሚሰማኝ መጥፋቱ ነው እንጂ።

እንግዲህ የባለቤቴ የነጃት ታናሽ ወንድም ሙክታር ከሐረር ሊያገባ ሆነ። እናታቸው፣ ማለትም አማቴ አዴ ዘይነባ፣ ጥሎሹን ይዘው ከዙሁር ሶላት በፊት ሐረር መድረስ አለባቸው። የሙሽሪት ቤተሰቦች አስረግጠው ነግረዋል፤ ከዙሁር በኋላ የሚመጣ ጥሎሽ በነሱ ዘንድ ንቀት ነው። አማቴም ከዘመዱ መኪና ሁሉ የእኔን መረጡ!

«አየሽ?» አልኳት ነጃትን።

«ሻንጣዎቹ ሌላው ላይ ስለማይገቡ ነው» አለች።

ትበል! አማቴ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «የነጃት ባል» ነው የሚሉኝ። «የነጃት ባል በልቷል?» «የነጃት ባል ጫማውን ከበሩ ላይ ያንሳ!» ዛሬ በሰላምና በሰዓቱ ካደረስኳቸው በስሜ ይጠሩኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ያልተኛሁትም ለዚሁ ነው።

ጠዋት ሌሎቹ መኪኖች ሙሽራውን አጅበው ቀድመው ሄዱ። አማቴ ሐር በሐር ሆነው ጋቢና ገቡ። ነጃትና አክስቶቿ ከኋላ ወንበር፣ ከበሮ መቺዎቹ ሴቶች ከነሻንጣውና ከነሐልዋው ጭነቱ ላይ። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩና እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

«ምንድነው የምትጠብቀው?» አሉ አማቴ።

«ሞተሩ እየሞቀ ነው፣ አዴ።»

ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ገና ሊሞቅ?»

«ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም። በድንገት ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም...»

መብራቷ ጠፋች። ላስነሳ ስል አንዷ አክስት ከበሮ ረስታ ወረደች። ቁልፉን መለስኩ። ስትመጣ እንደገና አሞቅሁ። ሌላዋ ሽቶዋን ረሳች፤ መለስኩ፤ አሞቅሁ። እስኪሰበሰቡ ደግሞ ሠርግ ነውና አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ፣ ለአማቴ ማራገቢያውን ከፈትኩ፣ መንዙማውን ከፍ አደረግሁ፣ ክላክሱን በየመሃሉ ጲጵ ጲጵ! አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እነዚያ ካንዴላዎች ሲግሉ ባትሪው ላይ ያለ ርኅራኄ ነው የሚወርዱበት። የተሰኩ ምድጃዎች በሏቸው። ባትሪው ደግሞ ሞተሩን የሚያሽከረክረውን ሞተሪኖ የሚቀልብበት ጉልበት ማስተረፍ ነበረበት። ይህን ሁሉ ስሰብክ ኖሬ፣ በዕለቱ አንዱም ትዝ አላለኝ።

«አቦ ዝም ብለህ አስነሳው!» አለች ነጃት።

«የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አልኳትና ቁልፉን በኩራት እስከ መጨረሻው አዞርኩ።

ጠቅ።

መንዙማው ቀጥ አለ። ፍሬቻው ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። እንደገና አዞርኩ... ጠቅ። ጋቢናው ውስጥ የሚሰማው የአማቴ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ደስ አይልም።

አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገባችን ቆመ። «ወሪያ! ምን ሆናችሁ?»

«ባትሪ ደክሞ ነው።»

«ምን ሲያደርግ ደከመ?»

«ሞተሩን... ሳሞቅ።»

አንገቱን አውጥቶ ፀሐይዋን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ወደ ባጃጆቹ ሰልፍ ዞሮ «ያ ጀማዓ! ኑ! ድሬ በርዷት የሚያሞቅላት ሰው መጥቷል!» ብሎ ጮኸ። ወላሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መቼም ለመሳቅ የመጣ ሰው መግፋቱም አይቀርም። ባጃጅ ነጂዎቹ ወረዱ፤ ሴቶቹም ወርቃቸውን እያንሿሹ፣ ሐራቸውን ሰብስበው ከኋላ ተደረደሩ። ነጃት ሳትቀር። አማቴ ግን «የሙሽራ እናት ከመኪና አትወርድም» ብለው እንደተቀመጡ ቀሩ። መንገዱ ቁልቁል የሚሄደው ወደ ቀፊራ ገበያ ነውና ወደዚያው ተገፋን።

«ሐረር በወዲያ ነው» አሉ አማቴ፣ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ እያሳዩ።

ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ ዘለለች፣ አጓራች፣ ተነሳች! ያላትን ጥቁር ጭስ ሁሉ ግን በዚያ ሁሉ ሐርና ሽቶ ላይ ተፋችው። ከቆምኩ ትጠፋለች ብዬ ስለፈራሁ፣ ባጃጆቹን ስዞር ሴቶቹ አንድ በአንድ እየሮጡ ተሳፈሩ። ደንገጎን ስንወጣ የሚሳል እንጂ የሚዘፍን አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ፣ የዙሁር አዛን ሲባል የሙሽሪት ቤት በር ላይ ነበርን። ደረስን! ጥሎሹ ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ነጃት መስኮቱን አንኳኳች። «ዳገቱን ሙሉ ስንመጣ ባትሪው ሞልቷል። አጥፋውና ግባ።»

«ባይነሳስ?»

«ምሳ እየቀረበ ነው!»

«ባይነሳስ?»

ትታኝ ገባች። እኔም ሞተሩን ሳላጠፋ መሪዬን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። የከበሮው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሩዙ ሽታ አጥሩን ዘልሎ ይመጣል፤ ራበኝ፤ ሆድም ባሰኝ። ስንት ቀን ያሰብኩበት ሠርግ በግድግዳ ማዶ አለፈ።

በኋላ በሩ ተከፈተና የሙሽሪት አጎት የሆኑ ሽማግሌ፣ ሥጋ በሩዝ የሞላ ሳህን ይዘው ከአማቴ ጋር ወጡ።

«ይሄ ሹፌራችሁ እኮ ፀሐይ ላይ ቀረ! ለምን አይገባም?» አሉ ሽማግሌው።

አማቴ አዩኝ። የሚንቀጠቀጠውን ኮፈን አዩ። ባጃጅ ነጂውንም ያስታወሱት መሰለኝ። «የነጃት ባል ነው» እንዲሉ በልቤ ለመንኳቸው። በስሜ መጠራቱ ይቅርብኝ፣ የጥንቱ ይበቃኛል!

«መኪናው እንዳይበርደው እየጠበቀ ነው» አሉ አማቴ። ከዚያ እጃቸውን በመስኮት አስገብተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጎበዝ ሹፌር ነው። እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናየው።»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት አማች ሆኜ ያጣሁትን፣ በአንድ ቀን ሹፌርነት አገኘሁት።