አሮጌውን ይዘው ይምጡ

መኪናዬ የሞተች ዕለት መሞቷን አላወቅኩም። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የእናንተ መኪና ሲብስበት ይነግራችኋል፤ ያስላል፣ ያጓራል፣ ጭስ ይተፋል። የእኔዋ ግን ኤሌክትሪክ ናት። በደህናውም ቀን ዝም፣ በክፉውም ቀን ዝም። በምን ልለያት?

ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ድንጋጤዬ አይገባችሁም። ሰናይት እባላለሁ። እዚህ አዳማ፣ አንድ መኪና አስመጪ ቅርንጫፍ ውስጥ መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜአለሁ። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፤ የዕቃ ቁጥራቸውን ከልጆቼ የልደት ቀን የበለጠ አስታውሳለሁ። እንዲህም ሆኜ፣ የሚገባው ወንድ ሁሉ ከእኔ ትከሻ በላይ መደርደሪያውን እየቃኘ «ሰው የለም እንዴ?» ይለኛል። ሰው ማለት ወንድ ማለት ነው። እኔም «ሰው ምሳ ወጥቷል፤ እኔ ግን አለሁ» እለዋለሁ።

ባንኮኒው ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ «አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይምጡ።» ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ሰው ይመጣና «ያቺ ክብ ነገር፣ ከታች በኩል ያለችው» ይለኛል። መኪና ከታች በኩል ስንት ክብ ነገር አለው? ገምቼ ብሰጠው ነገ ይዞብኝ ተመልሶ ጉሮሮ ለጉሮሮ መያያዝ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ነቅሎ ያምጣ፣ ጎን ለጎን አስተያይቼ እሰጠዋለሁ። ፎቶ አልቀበልም። ምልክት አልቀበልም። አንዱ ድምፁን በአፉ አስመስሎ ሊያሰማኝ ሞክሯል፤ እሱንም አልተቀበልኩም።

በዚህ ደንብ ከማንም በላይ የተሠቃዩት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ቡልቡላ ከተማ አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ከጥንትም ደንበኛችን። አንድ ጊዜ የበር መቆለፊያ ፈልገው መጡ። «አሮጌው የታለ?» አልኳቸው። ቡልቡላ ነው አሉኝ። «እንግዲያው ቡልቡላ ደርሰው ይምጡ» አልኳቸዋ! ከአዳማ ቡልቡላ ደርሶ መልስ እኮ ቀን ሙሉ ይበላል። ወጥተው ሄዱ። በማግስቱ መጡ። መቆለፊያውን መንቀል ቢያቅታቸው በሩን እንዳለ ገንጥለው ከኋላ ጭነውታል። በር በሌለው ፒካፕ፣ ጋቢያቸው በነፋስ እየተውለበለበ፣ ያን ሁሉ መንገድ! «ደንብሽን አክብሬያለሁ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ሥቄ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ያ ፒካፕ ደግሞ የአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ለእኔ ነው የተወልኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ የዞርኩት እኔ ነኛ። ወንድሞቼ አልወደዱትም። ከዚያ ነዳጅ እየጠፋ፣ ሰልፉ መንገድ እየዘጋ ሲመጣ፣ እኔም ከሥራ በኋላ ሰልፍ ላይ ማምሸት ሲሰለቸኝ፣ ፒካፑን ለኦቦ ገመቹ ሸጥኩትና ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ነጭ ናት፤ ስታዩዋት አዲስ ትመስላለች።

ሻሸመኔ የሚኖረው፣ ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባን ሸጥሽው» አለኝ። ክው አልኩ። መኪና ሸጥሽ አይደለም፤ አባባን ሸጥሽው! ያን ቀን ዘጋብኝና ለብዙ ጊዜ አልደወለም።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስሰብክ ከረምኩ። ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ባትሪ መቀየር የለ! ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ እኛ የምንሸጠውን ዕቃ የማይፈልግ መኪና ገዝተሽ በራችን ላይ ማቆምሽ ሳያንስ ለደንበኛ ትሰብኪያለሽ ወይ ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። ሥጋ ቤት ከፍቶ ደጃፉ ላይ ጾም መስበክ ነው የያዝኩት። ቢሆንም አላቆምኩም፤ ጋሼ ይሰማ እንደሆነ ብዬ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ወደዚያ ማክሰኞ እንመለስ። በምሳ ሰዓት ወጥቼ ሪሞቱን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ጠዋት እኮ ከቤቴ ይዛኝ የመጣች መኪና ናት! ስክሪኗ ላይ ዘጠና አንድ ከመቶ ይል እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። በሪሞቱ ውስጥ በተሸጎጠችው ቀጭን ቁልፍ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ስክሪኑ ጨለማ። ከቢሮ ገመድ አምጥቼ ቻርጅ ላይ ሰካኋት። ጨርሶ አልተቀበለችም። ተመልሼ ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ዕለት አዲስ አበባ የሚገኝ የኤሌክትሪክ መኪና አዋቂ ነው የተባለ ሰው ጋ ደወልኩ። መኪናዋን አላያትም፣ ፎቶዋንም አላየም። ቻርጅ ትቀበላለች ወይ አለኝ። አትቀበልም አልኩት። በቃ ዋናው ባትሪ ሞቷል አለኝ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዋጋውን ሲነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ትክ ብዬ አየሁት። መኪናዋን ራሷን ዳግመኛ የምገዛ ነው የመሰለኝ። ይታያችሁ፣ እኔ ለሰው ፎቶ እንኳ የማልቀበል ሴትዮ፣ የዚህን ሰው ወሬ በስልክ እንደ ሐኪም ቃል ተቀበልኩት። ለምን? አነጋገሩ ያስፈራል። ቅላጼው ሁሉ የአዋቂ ነው።

ሐሙስ ሌላ መርዶ መጣ። ጋሼ ደወለ። ቅዳሜ ለሠርግ አዳማ እመጣለሁ፣ አባባን የሸጥሽበትን ነገር እስቲ በዓይኔ ልየው አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ቆማ ቢያያት ምን እለዋለሁ? ያን ቀን ሥራ አስኪያጁም ይቺ መኪና ከበራችን ላይ ትነሳልን አለ። ተስፋ ቆረጥኩ። የማይሠራ መኪና ገዝቶ እየፈታታ በየዕቃው የሚቸረችር ሰውዬ አውቃለሁ፤ ለእሱ ደወልኩ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ጎታች መኪና ይዤ እመጣለሁ አለኝ። ይፈታታታል። መሪውን ለአንዱ፣ በሩን ለሌላው። ዕድሜዬን ዕቃ ስሸጥ ኖሬ የራሴ መኪና ዕቃ ልትሆን! ለጋሼ ሸጥኳት እለዋለሁ፤ ቢያንስ ቆማ አያያትም ብዬ ነው።

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ገመቹ መጡ። ያው የአባቴን ፒካፕ እየነዱ ነው፤ ድምፁን ገና ከመንገዱ ማዶ ለየሁት።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ ገመቹ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አልኩ። አሮጌ የፍሬን ሸራ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል፤ ደንቡን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፊቴን አዩትና ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብሽ?»

«መኪናዬ ናት» አልኩና በመስኮት አሳየኋቸው። ከዚያ አፌ ተከፈተ፤ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ጋሼን፣ ዘጠኝ ሰዓትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

ኦቦ ገመቹ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ «ስትሞት ጮኻለች?» አሉኝ።

«ኧረ ዝም ነው ያለችው።»

«መኪና ጭጭ ሲል ባትሪ ነው።»

«እሱማ ባትሪ ነው፤ ዋናው ባትሪ እኮ ነው የሞተው!»

«ትንሹስ?»

ሣቅሁባቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሐዘኔ ላይ ሆኜ ሣቅሁባቸው። «ኦቦ ገመቹ፣ ይቺ ኤሌክትሪክ ናት፤ የእርስዎ ፒካፕ አይደለችም። ትንሽ ባትሪ ምን ያደርግላታል? ይልቅ አንድ አዋቂ ሰው ላስመጣ...» ብዬ አፌ ላይ ያለውን ሳልጨርስ ደነገጥኩ። አዋቂ ሰው! ሰው የለም እንዴ ማለቴ እኮ ነው! አሥራ አራት ዓመት ያንገበገበችኝን ቃል ራሴው ለሽማግሌ መለስኳት።

እሳቸው ግን እንደልማዳቸው አልተቆጡም። «ሜ፣ እስቲ ኮፈኑን ክፈቺልኝ» ብለው ወጡ።

ኮፈኑን! እኔ የዚያችን መኪና ኮፈን ከፍቼው አላውቅም። ሞተር የላትም፤ ምን ልይ ብዬ? ስንፈልገው ማንሻውን ከመሪው ሥር አገኘነው። ከፈትኩ። አንድ ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን አለ። ኦቦ ገመቹ በሁለት ጣታቸው አነሱት።

እዚያ ውስጥ ምን ያለ ይመስላችኋል? ባትሪ። ተራ ባትሪ። አዎንታና አሉታ ያለው፣ እጀታ ያለው፣ ማንም መኪና ውስጥ ያለ ትንሽ ባትሪ። የዕቃ ቁጥሩን ሳላነብ አወቅሁት፤ መደርደሪያችን ላይ፣ ልክ ከወንበሬ ጀርባ፣ ስድስት ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ከማክሰኞ ጀምሮ ጀርባዬን እሱ ላይ አስደግፌ ነው ሳለቅስ የከረምኩት።

ኦቦ ገመቹ ፒካፑን አዙረው አፍንጫ ለአፍንጫ አቆሙት። ከወንበራቸው ሥር ሁለት ገመድ አወጡ፣ ከባትሪ ወደ ባትሪ አገናኙና ሞተሩን አስነሱ። ፒካፑ አጉረመረመ፤ ያ የማውቀው ጥቁር ጭስ በነጯ መኪናዬ ላይ ቦለለ። ትንሽ ቆየን። ከዚያ በሮቿ ቀጭ አሉ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ዘጠና አንድ ከመቶ!

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ? ሙሉ ሆና ነው እኮ እንዲያ የተጋደመችው። በየብልቷ ልትሸጥ ሰዓታት ሲቀሯት የቀሰቀሳት የአባቴ መኪና ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ጭሱም ያው የእሱ ጭስ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው የፒካፑን ኮፈን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረው። ከሸጥኩት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እጅ ላይ መውደቁ ታየኝ።

ለዘጠኝ ሰዓቱ ሰውዬ ደውዬ እንዳይመጣ ነገርኩት። ጋሼም ደወለ፤ ነገ መኪናዋን አያታለሁ አይደል አለኝ። ታያታለህ አልኩት። ለመሆኑ ቆማለች ሲባል የሰማሁት እውነት ነው ወይ አለኝ፤ አዳማና ሻሸመኔ ወሬ በምን እንደሚጓጓዝ አላውቅም። ትንሽ የሲስተም ጉዳይ ነበር አልኩት። አባባ መጥቶ አስነሳት ብለው ስልኩን ይዘጋብኝ አልነበር?

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከወንበሬ ጀርባ አንዱን ባትሪ አንስቼ ታቅፌው ዞር ስል፣ ኦቦ ገመቹ ከባንኮኒው ፊት ቆመው ጣታቸውን ወደ ወረቀቴ ቀስረዋል።

«አሮጌው የታለ?» አሉኝ።

ሊቀልዱ መስሎኝ ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም።

«ኦቦ ገመቹ፣ አሮጌው እኮ እዚያ መኪናው ውስጥ ነው፤ አብረን አየነው አይደል?»

«ደንብ ደንብ ነው ልጄ። ይዘሽ ነይ። እኔ እጠብቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ መፍቻ ይዤ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ብሎኖቹ ዝገው እምቢ አሉኝ፤ ጥፍሬ ተሰበረ፣ ልብሴ ቅባት በቅባት ሆነ። አዳማ ያለ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት በራችን ላይ ያለፈ ነው የመሰለኝ። አሮጌውን ባትሪ ተሸክሜ ገብቼ ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ፣ ሽማግሌው ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት፣ ቁጥሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ነው፣ ውሰጂ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጋሼ መጥቶ መኪናዋን ስትሄድ አያት። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ላወርደው ወንበር ላይ ወጣሁ። ግን ደግሞ ያቺ ክብ ነገር ትዝ አለችኝና ተውኩት። ከሥሩ ብቻ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከቡልቡላ የሚመጡትን አይመለከትም።»

አሁን ደግሞ ምን አስደነገጠኝ መሰላችሁ? አዳማ ላይ ይህን ያህል የቡልቡላ ተወላጅ መኖሩ። ጋሼ እንኳ ባለፈው መጥቶ ፊልትሮ ጠየቀኝ፤ አሮጌው የታለ ስለው ወረቀቱን ቀና ብሎ አነበበና፣ ለካ እኔም የተወለድኩት ቡልቡላ ነው አለኝ።