ጋሽ ገብቶኛል እና አሥራ ሁለቱ ጠረጴዛዎች

መጀመሪያ የችፑዱን ጣውላ በመዳፉ ያብሳል፤ ብሩሽ አያምንም። ማጣበቂያውን ማስቲሽ አፍስሶ ጥርስ ባለው ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ይስበዋል፤ የፎርማይካውንም ጀርባ እንዲሁ። ከዚያ ይጠብቃል። በጣቱ ጀርባ ነካ ያደርገዋል፤ ካልያዘው ደርሷል ማለት ነው። ቀጫጭን እንጨቶች ደርድሮ ፎርማይካውን በላያቸው ያሳርፋል፤ ማስቲሽ አንዴ ከጨበጠ ምሕረት የለውማ! እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየመዘዘ ከመሀል ወደ ዳር ይጫናል። በመጨረሻ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። ከእጁ ስህተት ወጥቶ አያውቅም። ችግሩ ያለው ጆሮው ላይ ነው።

ያዘዙትን ትቶ ያለመውን የሚሠራ ባለሙያ ያላጋጠመው ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ዕቃው ሲደርስ ግን ሌላ ፍጡር ነው። የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ ክቡር ጋሽ ገብቶኛል ነው። ትዕዛዝ በተቀበለ ቁጥር “ገብቶኛል፣ ገብቶኛል” ስለሚል፣ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምታስታውሰው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። እሷም ስትናደድ ትረሳዋለች።

ወርክሾፑ ውስጥ ልኬት የምትወስደው፣ እግርና ማጠፊያ የምትገጥመው፣ ዕቃ ሲረከብ የሚጮኸውን ደንበኛ የምታባብለው እሷ ናት። ጎረቤታቸው የጫማ ቁም ሣጥን አዘው፣ ከነመደገፊያው መቀመጫ ደረሳቸው፤ ጫማው ከሥር ይገባል። “እኔ ያዘዝኩት ለጫማ ነው ወይስ ለእንግዳ?” ብለው ሰፈሩን ቀወጡት። የገዛ ባሏ ነጭ በር ቢያዝ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች ቡናማ ሆኖ መጣለት።

“ኧረ ስማ፣ አንተ ሰው!” ትለዋለች።

“እንዴ እትዬ፣ ገብቶኛል እኮ።”

አንድ ቀን አዲስ ምግብ ቤት የሚከፍቱ ሴትዮ መጥተው አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አዘዙ። ወርክሾፑ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ይሄ ከተበላሸ እህትየው በሩን ዘግታ ፋብሪካ ልትቀጠር ቆርጣለች። ወንድሟን ትከሻና ትከሻውን ያዘችው።

“አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት። መንታ! በል ድገመው።”

“አንድ ዓይነት። ገብቶኛል።”

እሷ እግሮቹን ሠራች። እሱ የላዩን ለብቻው ሠራና እያንዳንዱን “እንዳይጫር” ብሎ በካርቶን ጠቀለለው። ይህን ጊዜ ነበር መጠርጠር።

ካርቶኑ የተገለጠው ምግብ ቤቱ ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ መሀል አንድ ትልቅ ክብ ዓይን አፍጥጦ ያያል። ሁለተኛው ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡ ቅርፊቶች አሉ፤ አረንጓዴ፣ ብርማ፣ እብነ በረድ የመሰለ፣ እንጨት የመሰለ ፎርማይካ፣ በመካከላቸው ፀጉር እንኳ አይገባም። ሦስተኛው ከአንድ ጥጉ በቀር ባዶ ሰማያዊ ነው።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ሴትዮዋ። “እንግዳዬ ሳህኑን ዓይን ላይ ሊያስቀምጥ ነው? ይሄኛው ላይ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም! አንሱልኝ! አሁኑኑ!”

እህትየው ሰማይ ተደፋባት። ወንድሟን ቀና ብላም አላየችው። ለጭነት እንዲመቻት ጠረጴዛዎቹን ወደ በሩ መግፋት ጀመረች። ሁለት ጠረጴዛዎች ሲነካኩ ቅርፊት ከቅርፊት ገጠመ። ቆም አለች። ሌላ አስጠጋች፤ እሱም ገጠመ። አስተናጋጆቹ ማንም ሳያዛቸው የቀሩትን ተሸክመው ለመግጠም ይሻሙ ጀመር። የመጨረሻው ቦታውን ሲይዝ፣ አዳራሹን ሞልቶ አንድ ግዙፍ ዓሣ ተጋደመ። በጣቷ ብትዳስስ መጋጠሚያው ጠፋባት።



“እኛ እኮ ዓሣ አንሠራም” አሉ ሴትዮዋ በደከመ ድምፅ።

“ሰው ሲበዛ ጠረጴዛ እንገጥማለን ብለው ነበር” አለ ገብቶኛል። “መጋጠሚያው ያስጠላኛል፣ አብረው የመጡ ሰዎች የተጣሉ ያስመስላቸዋል አሉ።”

“መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?”

“ሲወጡ። በሩ ላይ።”

ሴትዮዋ ዓሣውን ዞሩት። እንደገና ዞሩት። “ከዚህ ቤት አንድ ጠረጴዛ ንቅንቅ አይልም!” ብለው አዋጁን ሲያውጁ፣ አስተናጋጆቹ አጨበጨቡ።

እህትየው ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ጎረቤታቸው ጫማ ማስቀመጫውን አዘው ሲወጡ “ወይኔ ጉልበቴ” ማለታቸው ትዝ አላት፤ ዛሬ ከዚያ መቀመጫ የሚያስነሳቸው የለም። ባሏም “እነዚህ ልጆች በቆሻሻ እጃቸው ግድግዳውን ጨረሱት” እያለ ነበር በሩን አዞ የወጣው። ለካ የወንድሟ ጆሮ ደህና ነው፤ የሚከፈተው ግን ደንበኛው ተሰናብቶ ሲወጣ ነው። አሁን ልኬት ወስዳ ስትጨርስ፣ እሷም ሰውን እስከ በሩ ትሸኛለች። ጆሮዋን ቀስራ።

ዓሣውን ሊገጥም በቡድን የሚመጣው ሰው በዝቷል፤ ብቻውን የመጣም ከማያውቀው ጋር ይቀመጣል። ዓይኑ ያለበት ጠረጴዛማ ቀድሞ ካልተያዘ አይታሰብም። ክቡር ጋሽ ገብቶኛል “ሻይ ልጠጣ” እያለ ወደዚያ ይሄድና ጠረጴዛ ሲያስተካክል ይውላል። ለአንባቢም የላከው አንድ ልመና አለው፦

“እዚያ የምትበሉ ሰዎች፣ በሞቴ፣ ጠረጴዛውን አትጎትቱት። ሁለት ሆናችሁ አንሱት። ስትጨርሱም ወደ ቦታው መልሱት። ትናንት ብሄድ፣ ዓይኑን ጭራው ላይ አገኘሁት።”